ለክብርት አምበላችን፦ ስለ አዞው ዳቦ ጭራና ስለ ኳሱ

ለተከበሩ ወይዘሪት ኢማሻ ራናሲንጌ፣
የሃልዋላ ሴቶች ክሪኬት ቡድን አምበል፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጠነከረ ይሁን እያልኩ፣ ባለፈው ቅዳሜ በጩኸት ብዛት የደረቀው ጉሮሮዎ በኮኮናት ውኃ እንደራሰ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ በዕቃ ክፍላችን በር ላይ የምለጥፈው ፊት ለፊት ለመናገር ድፍረት ስለሌለኝ ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ነውና በቁጥር ላድርገው።

አንደኛ፣ ስለሰጡኝ ቦታ አመሰግናለሁ። ሌሎቹን በስማቸው እየጠሩ ሲያሰልፉ፣ እኔን ግን በእጅዎ እያመለከቱ "ወደ ኋላ! አሁንም ወደ ኋላ!" በማለት ጀርባዬ የኮኮናቱን ግንድ እስኪነካ ይሸኙኛል። እዚያ ጎረቤቴ ቦዩ ዳር የሚሳበው ትልቁ እንሽላሊት፣ አርጃኖው ነው። እሱ እንኳ አንዳንዴ ፊቴን ያየኛል።

ሁለተኛ፣ ዳቦ እያዞረ የሚሸጠው ባጃጅ ዘፈኑን እያሰማ ሲመጣ ጨዋታውን አስቁመው፣ ስኳር የተነሰነሰበትን በአዞ ቅርጽ የተጋገረ ዳቦ ስለሚያካፍሉን አመሰግናለሁ። ራሱ ለወርዋሪዎች፣ ሆዱ ለመቺዎች፣ ጭራው ደግሞ ሩቅ ለምትቆመው፣ ማለትም ለእኔ ይደርሳል። ጭራው ላይ ስኳር የለም።

ሦስተኛ፣ ጥሩ አምበል ስለሆኑ። ይህን የምጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው። ቅዳሜ ያቺ በግራዋ የምትመታው የማዶ መንደር ልጅ ስትገባ፣ የእግሯን አቋቋም አይተው ለመቅለብ የቆመችውን ካውሺን ያለ አንድ ቃል ሁለት እርምጃ አስጠጓት፤ የተመታው ኳስም ሄዶ ካውሺ እጅ ውስጥ ገባ፤ መቺዋም ከጨዋታ ወጣች። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። እናቴ ሳትቀር "የራናሲንጌን ልጅ አየሻት? ስትጣራ እኮ ዓሣ ሻጩ ብስክሌቱን ያቆማል! አንቺማ ቤት ውስጥ መኖርሽም አይታወቅ" ስትለኝ አመሸች። የመቺዋን እግር እኔም አይቼ ነበር፣ ክብርት ሆይ። ያውም ከእርስዎ ቀድሜ። ግን ከኮኮናት ሥር የሚናገርን ማን ይሰማል? ደግሞስ ማን ይናገራል?

አራተኛውን ልተወው ነበር፤ አልቻልኩም። በየዙሩ መካከል የኳሱን አንድ ጎን እስኪያበራ በሱሪዬ የማሸው እኔ ነኝ። እርስዎ ተቀብለውኝ ለወርዋሪዋ ለካውሺ ይሰጧታል፤ ኳሱ ከማሸቴ የተነሳ በአየር ላይ ሲታጠፍም "ካውሺዬ፣ ምን አድርገሽው ነው?" ይሏታል። ይህንንስ ለምጄዋለሁ። ነገር ግን ባለፈው ወር ብቻዬን በቤታችን ጉድጓድ አጠገብ እንጨት ተክዬ ኳስ ስወረውርበት፣ ብስክሌትዎን አጥራችን ሥር አቁመው ያዩኝ ነበር። እንጨቱ ሲወድቅ "አንቺ! ይሄን የት ደብቀሽው ነው?" ብለው ሳቁ። እኔም ደንግጬ ቤት ገባሁ። ቅዳሜ ግን የመጨረሻዎቹን ስድስት ውርወራዎች እንደ ወትሮው ለካውሺ ሰጧት። ባያዩኝ ኖሮ አዝኜ ዝም እል ነበር፤ አይተው ሲተዉኝ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

በእጅዎ ምልክት ወደ ኋላ ለመሄድ ዘወትር ዝግጁ የሆነችው፣ የኮኮናቱ ሥር ነዋሪና የአርጃኖው ጎረቤት፣
አክባሪዎ ዲኑሺ

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ስናሸንፍ ካውሺ እየዘለለች ኳሱን ሣር ላይ ረስታው ሄደች። እኔ ጋ ነው። አንድ ጎኑን ፊትሽን እስኪያሳይ አሽቼዋለሁ። ለዋንጫው ጨዋታ ከፈለግሽው፣ ኢማሻ፣ እጅሽን አትዘርጊልኝ። በስሜ ጥሪኝ፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።