ለጭቃ የሚሆን ክራንች

ወልድያ፣ ሰኞ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ብረት የገባበት ጉልበትህስ? ጠዋት ጠዋት ይቆረጥምሃል ወይስ አሁንም ከእማ ትደብቃለህ? እማስ ደህና ናት? የቦዩ ዳር ሽንኩርት ደረሰ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ መቀመጥ ብቻ ነው ያቃተኝ። ይህን ያህል ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ በር ድረስ ደርሼ ተመልሻለሁ። አክስታችን ፀዳለ «አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» እያለች ታየኛለች።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለምታቋርጠኝ ነው። ስለ ክራንቹ ባነሳሁ ቁጥር «በቃ ተይው» ብለህ ስለ ውሃ ተራ ትጀምርልኛለህ። ወረቀት አይቋረጥም። እስከ መጨረሻው አንብብና ከዚያ እንደፈለግህ ተቆጣ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፕሮዳክት ዲዛይን ለመማር ማመልከቴን ታውቃለህ። ፀዳለ እስካሁን የልብስ ስፌት ይመስላታል፤ «የኛ ልጅ ቀሚስ ልትማር ነው» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ሰው የሚይዘውን፣ የሚቀመጥበትን፣ የሚደገፈውን ዕቃ እንዲመቸው አድርጎ ማሰብና መሥራት ነው ብዬ ባስረዳት «ታዲያ አናጢ ነዋ!» አለችኝ። ብዙም አልተሳሳተችም። ለዚህ ትምህርት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ብቻውን አይበቃም። ለአንድ ሰው ብለሽ የሠራሽውን ዕቃ አሳዪን፣ ሰውየው ሲጠቀምበትም ቀርጸሽ ላኪ ይላሉ። እኔ ደግሞ ካንተ ክራንች ሌላ ምን አለኝ?

ከአይሱዙው አደጋ በኋላ ሆስፒታል የሰጡህ ክራንች አስፋልት ላይ ምንም አይወጣለትም ነበር። እኛ ቤት ግራና፣ መስኖ በጠጣው ማሳ ውስጥ ሲገባ ግን ጫፉ እንደ ችካል ይሰምጣል። አንተም ዓመት ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጠህ የገዛ ማሳህን በሩቁ ስታይ ከረምህ። ያ አንገበገበኝ። መርሳ ድረስ ሄጄ ከበያጁ ከዳምጠው ጋር አሮጌ ጎማ ቆርጠን፣ ሰሃን የሚያህል መርገጫ በብሎን አሰርንበት። ዳምጠው «ይሄ እኮ ለዝሆን ነው» እያለ ሲስቅብኝ ነበር። ይዤልህ ስመጣ ግን ፊትህ ሲፈታ አየሁ። «እሞክረዋለሁ፤ ግን ብቻዬን። እንዳትከተይኝ» አልኸኝ።

ተከተልኩህ። ከማንጎው ጀርባ ቆሜ ስልኬን ይዤ ስቀርጽህ ነበር።

ሦስት እርምጃ በጣም ጥሩ ሄድህ፤ ክራንቹ አልሰመጠም። በአራተኛው ልታነሳው ስትል ጭቃው ጎማውን ይዞ አስቀረው፣ አንተ ብቻህን ወደፊት ሄድህና ወደቅህ። ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ መርገጥ እንጂ ስለ መንቀል አላሰብኩም። ያ ማሳ ስንቴ ቦቲ ጫማዬን ነጥቆ በካልሲ አስቀርቶኛል! የገበሬ ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከጎን ማሳ ሽንኩርት ስትነቅል የነበረችው ሁሪያ «ያ ረቢ!» እያለች ሮጣ መጥታ ብብትህን ይዛ አነሳችህ። ቤት ስትመጣ እስከ ጆሮህ ጭቃ ነበርህ። ምን ሆንህ ስልህ «ቦዩ ተደረመሰብኝ» አልኸኝ። «እሺ» ብዬ የምትታጠብበትን ውሃ አሞቅሁልህ። ሁለታችንም ዋሽተን ከአንድ ትሪ እራት በላን።

በማግስቱ ዳምጠው ጋ ተመልሼ፣ ከሥሩ አየር ገብቶ ጭቃው እንዲለቀው ጎማውን በጋለ ብረት በሳሳሁት። ዛሬ የምትሄድበት እሱ ነው። ማሳችን በሌላ በኩል ሆኖ ሳለ በሁሪያ ማሳ በኩል ዞረህ እንደምትሄድም አይቻለሁ።

ባለፈው ዓርብ እዚህ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሆኜ በቪዲዮ ጠየቁኝ። ሦስት የዩኒቨርሲቲው መምህራን ናቸው። የወደቅህበትን አንድ ጊዜ አይተው እንደገና አዩት፤ የበሳሳሁትንም በጣም ወደዱልኝ። ከዚያ አንዷ መምህርት «ሲወድቅ አንቺ ምን አደረግሽ?» አለችኝ። «ስልኬን ጥዬ ሮጬ አነሳሁት» አልኋት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። እሷ ፈገግ ብላ የሆነ ነገር ጻፈች፤ እንዲህ ከዕቃው ይልቅ ሰውየውን የምታስቀድም ተማሪ ነው የምንፈልገው አለችኝ። ሐሙስ ደግሞ ለአንተ ደውለው እንደሚጠይቁህ ነገሩኝ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነው መቀመጥ ያቃተኝ። ቅዳሜ «ያነሳችኝ እህቴ ናት በላቸው» ብዬ ልለምንህ ሁለት ገጽ ጻፍሁና ቀደድሁት። እሺ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ቅር ሳይልህ፣ ለምን ብለህ እንኳ ሳትጠይቀኝ ትልልኝ ነበር። ያስፈራኝ እሱ ነው።

የላክሁላቸው ቪዲዮ ስትወድቅ ያበቃል። የቀረውን ቆርጬ ስልኬ ላይ አስቀርቼው ነበር። ዛሬ ጠዋት እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ሙሉውን ላክሁት፤ ያነሳሁህ እኔ እንዳልሆንሁም ጽፌላቸዋለሁ። ሐሙስ ከደወሉ እንደነበረው ንገራቸው፤ ሁሪያ ናት በል። ካልደወሉም ማንንም እንዳትለምንልኝ። ፀዳለ ፋርማሲ ግቢ ትለኛለች፤ እሱንም አላውቅም። ብቻ ይህንን ትምህርት እንዴት እንደምፈልገው አንተ ታውቃለህ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የቆረጥሁት ሁሪያን ለመደበቅ አይምሰልህ። እሷ የደረሰችው መጨረሻ ላይ ነው። ከእሷ በፊት፣ ጭቃው ውስጥ ተዘርግተህ፣ ማንም የለም ብለህ ሁለት ጊዜ ስም ጠርተሃል። ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል። ማንጎው ከወደቅህበት ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ምስሉ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

የጠራኸው እኔን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ አሁን እነሱም ያውቃሉ።

እማን ጉልበቷን ሳምልኝ። አምላክ የምትረግጣትን መሬት ያጽናልህ።

ታናሽ እህትህ