ለአባቴ ያለቀስኩት የሥራ እንባ

ማክሰኞ፣ ሰቆጣ

አፍሬያለሁ። ለሰው የሚነገር ስላልሆነ እዚህ ልተንፍሰው፤ ዛሬ ለአባቴ ያለቀስኩት በሥራዬ፣ በተዋናይነት እንባ ነው። ዓይንን ሳይጨፍኑ ማፍጠጥ፣ ከዚያ ትከሻን ጣል ማድረግ። መርዶው አዲስ አበባ የደረሰኝ ከተቀበረ በኋላ ነው። በጭነት መኪና ተንገላትቼ ስገባ ዝያለሁ፤ እንባ ከየት ይምጣ? ልቅሶ ደራሹ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ያያል። "አባቴ ጥላዬ" አልኩ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ባለሱቁ ሸህ ሰይድ አዲስ አበባ ዕቃ ሊያመጡ ሄደው በቴሌቪዥን አይተውኛል። "እዚያም ልክ እንዲሁ ነው የሚያለቅሰው" አሉ ለጎረቤታቸው። ማድነቃቸው ነው። ታላቅ እህቴ እታለም ግን ሰማች።

ረቡዕ

እታለም ዘጋችኝ። ምግብ ታስቀምጣለች፣ ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ ወጣላት።

"አባታችን የተለቀሰለት በአገውኛ ነው። አንተ ለማን ነው ያለቀስከው? ለቴሌቪዥን ሣጥንህ?"

"እታለም፣ አገውኛው እኮ ጠፍቶብኝ ነው።"

"እንግዲያው እሑድ ተዝካሩ ላይ ከእንግዳ ጋር ትቀመጣለህ።"

ልጁ ሆኜ፣ ከእንግዳ ጋር።

ሐሙስ

እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። የትያትሩ አዘጋጅ "አፍህ ሰቆጣ ሰቆጣ ይላል" እያለ ስንት ዓመት አረመኝ። አፌ ሲቃና ደብተራ ሆንኩ፣ ሰካራም ሆንኩ፣ ጭቃ ሹም ሆንኩ። ዋናው ሰው ሆኜ አላውቅም። ቴሌቪዥን ከገባ ወዲህማ ሽማግሌ ሆኜ ሳልሞት ያለፈ በዓል የለም። ለሰው ሁሉ አባት አልቅሻለሁ። ደክሞኛል።

ቅዳሜ

ከጓሮ ወደ አባቴ ቀፎዎች ወረድኩ። አንዷ ንብ ቅንድቤን ነደፈችኝ። ሳላስበው ስድብ ከአፌ ወጣ፣ በአገውኛ፤ አባቴ ቀፎ ሲከፍት ንቦቹን የሚሰድበው ስድብ፣ በራሱ ድምፅ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ንፍጤ ከእንባዬ ቀደመ፤ አዘጋጁ ቢያየኝ ያስቆመኝ ነበር።

እታለም ለካ ከኋላዬ ቆማለች።

"ከቋንቋው ሁሉ ስድቡን ብቻ ነው ያስቀረኸው?"

"እሱ ነው የመጣልኝ።"

"እሱንም አበላሽተኸዋል" ብላ አረመችኝ። ከዚያ የሙሾውን መነሻ በአገውኛ አወጣችልኝ። ተከተልኳት። ተሰናከልኩ። ደገመችልኝ።

የት እንደምቀመጥ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቅንድቤ አብጧል፣ ሙሾውን እያልጎመጎምኩ ነው። ነገ ከቤተ ዘመድ ተርታ ቦታ ከሰጠችኝም፣ ከእንግዳ ጋር ካስቀመጠችኝም፣ ከተዝካሩ እንደተመለስኩ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።