ጢሜ ላይ የቀረው ዱቄት

ለአስካልዬ፣ ለልጆቼ እናት፤

ነፍስሽን በአብርሃም አጸድ ያኑርልኝ። ከተለየሽን ይኸው ዓመት ከስምንት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽ ካለፈ ወዲህ ልጽፍልሽ እያልሁ ብዕር እቀርጽና፣ ቀለም እበጠብጥና፣ መልሼ እተወው ነበር። ምን ከለከለህ ብትዪኝ እፍረት ነው። አገር ኃጢአቱን ለእኔ ይናዘዛል። እኔም ይኸን ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ፤ ግን ከሆዴ አልወጣም። የበደልሁት አንቺን ነውና ላንቺ ካልተነገረ አይወጣም።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ሰባቱም ደኅና ናቸው፣ ተመስገን። በጡትሽ ላይ ትተሽው የሄድሽው ትንሹ ልጃችን ይበልጣል ዛሬ ከአጥር እስከ አጥር ይሮጣል። አፉን ሲፈታ እኔን «እማ» ብሎ ጠራኝ። ሰው ፊት ነበርና ተቆጣሁት፤ አለቀሰ። ኋላ ብቻችንን ስንሆን እንደገና እንዲጠራኝ ብለምነው እምቢ አለኝ። የሴቶቹን ጠጉር ሁሉንም ላጨሁት። ማበጠሪያ ይዤ ስቀመጥ እነሱ ያለቅሳሉ፣ እኔ እቆጣለሁ፤ ምላጩ ገላገለን። መንትዮቹ እንደ ተውሻቸው ናቸው፤ አንዱ የበላውን ሌላው ካልበላ ቤቱ ይፈርሳል። አንዱን ከጉንፋን ሳነሣ ሌላውን ተቅማጥ ይጥለዋል። በነሐሴ ጣራው አፍስሶ ስምንታችንም አንድ መደብ ላይ ተቆልለን ሳለ፣ ከመንትዮቹ አንዱ የእግዚአብሔርም ቤት ያፈስ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያን ቀን ካንቺ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እኅቴ ከእስቴ መጥታ እስከ ተዝካርሽ ቤቱን ይዛልኝ ነበር፤ እሷም የራሷ ልጆች አሏትና ተመለሰች። ሌላ እንዳላገባ ክህነቴ ይፈርሳል። ሠራተኛ እንዳላስገባ ሚስቱ በሞተችበት ቄስ ቤት ሴት ገባች ተብሎ ይወራል። ሙሉ፣ ጎረቤታችን፣ እንጀራውን እኔ እጋግርላችኋለሁ አለች፤ ዱቄቱን ግን ከየት ታምጣው? ንፋስ መውጫ የሞተር ወፍጮ ገብቷል ይላሉ፤ ለእኔ ደርሶ መልስ ሁለት ቀን ነው፣ ልጆቹን ለማን ጥዬ? ስለዚህ ጓዳ ገብቼ ካንቺ ወፍጮ ሥር ተንበረከክሁ።

መፍጨቱንስ ዐውቀው ነበር። በዲቁናዬ ዘመን የመሥዋዕቱን ስንዴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው ቤተ ልሔም ተራ ገብተን እንፈጭ ነበር። እዚያ ክብር የነበረው እቤቴ ጓዳ ውርደት ሆነብኝ። ቄሱ ለልጆቹ ገብስ ይፈጫል ቢባል መስቀሌን የሚሳለም ሰው የማገኝ አልመሰለኝም። በሩን እዘጋለሁ፤ የወፍጮው ድምፅ እንዳይሰማ ልጆቹን ደጅ ደርድሬ ፊደሉን በጩኸት አስቆጥራቸዋለሁ። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ የቄሱ ቤት ተማሪ ቤት ሆነ ብሎ ያደንቃል። እኔ ውስጥ ላቤ እየተንጠባጠበ ገብሱን እሸረክታለሁ።

አስካልዬ፣ አንቺ ይበልጣልን በጀርባሽ አዝለሽ ስትፈጪ የወፍጮሽ ድምፅ ጸሎቴን አወከኝ ብዬሽ ነበር። ትዝ ይልሻል? ከዚያ ወዲያ ዳዊቴን እስክደግም እጅሽን አጣጥፈሽ ትጠብቂኝና፣ ስጨርስ የቀረሽን በጥድፊያ ትፈጪ ነበር። እኔም ጨዋ ሚስት ሰጠኸኝ ብዬ ፈጣሪዬን አመሰግን ነበር። ጉልበቴ ተልጦ፣ ወገቤ አልቃና ሲለኝ ነው ምን እንዳልሁሽ የገባኝ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ሙሉ የሊጡን ዱቄት ልትወስድ ስትመጣ የወፍጮው ድምፅ ቆሞ እኔ ከጓዳ ስወጣ አገኘችኝ። ማን እየፈጨ ነው አለችኝ። ድንገት አፌ ላይ የመጣው የበኩር ልጃችን ስም ነው። «የሺ ናት» አልኋት። የሺ ያን ጊዜ ገና ወደ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበረች። የወፍጮውን የእጅ ድንጋይ፣ መጁን፣ በሁለት እጇ እንኳ አታነሣውም። ከኋላዬ ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጓዳ ስወጣ ተሽቀዳድማ ትገባና ዱቄት እጇ ላይ ነስንሳ ትወጣለች። እኔ አላዘዝኋትም። ግን ተይም አላልኋት።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው እያደር ከበደ። ሙሉ ለሴቶቹ አወራች፣ ሴቶቹ አርብ ገበያ ወስደው አራገፉት። የቄሱ ልጅ በዚያ ዕድሜዋ ስድስት ታናናሾች ታሳድጋለች፣ ዱቄቷ ከእናቷ ዱቄት የላመ ነው ተባለ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰው እያስቆመኝ ልጄን መረቀልኝ። እኔም አሜን አልሁ። እውነቱን ልንገርሽና፣ ደስም ይለኝ ጀምሮ ነበር።

በኅዳር ወር ሦስት ሽማግሌዎች ደጃችን ቆሙ። ግቡ ብል ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። የላካቸው የስማዳው ጭቃ ሹም ነው። ልጁ ዲያቆን ነው፤ ቅስና ከመቀበሉ በፊት ሚስት ሊያጩለት ፈልገዋል። ባለሙያ ልጅ አለች ሲባል ሰምተን መጣን አሉኝ። አስካልዬ፣ ተስቦው ይዞሽ ልትሄጂ ስትይ እጄን ይዘሽ ያልሽኝ ጆሮዬ ላይ ነበር፦ «የሺን እንደ እኔ በጨቅላነቷ እንዳይሰጡብኝ።» ይኸ ጆሮዬ ላይ እያለ የማሰላው ሌላ ነበር። ገና ልጅ ናት ብላቸው፣ ቤት የምታስተዳድር ልጅ እንዴት ልጅ ትባላለች ይሉኛል። አታስተዳድርም እንዳልል ታዲያ ማን ይፈጫል ይሉኛል። ከሁለቱ አንዱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምስጢሬን መረጥሁና ፈቃደ እግዚአብሔር ይሁን አልኋቸው። ለጥር ቀን ቆረጡ፤ መርቀው፣ ጠጥተው ሄዱ።

ለየሺ ራሴ ነገርኋት። አላለቀሰችም። በማግሥቱ ልጆቹን ደጅ ደርድሬ ወደ ጓዳ ስገባ ተከተለችኝ።

«አባባ፣ ሳልሄድ መፍጨቱን ያሳዩኝ። እዚያ ሲያዩኝ እንዳይዋረዱብኝ» አለችኝ።

ምን ያደረግሁ ይመስልሻል? አሳየኋት። ያን ጊዜ ወዲያው የተሰማኝ ኀዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። እንግዲያውስ ምስጢሩ አይወጣም አልሁ። እጇን ይዤ መጁን አስጨበጥኋት። እንዲህ ግፊው፣ እንዲህ መልሽው አልኋት። እጇ ከወፍጮው ጫፍ አልደርስ አለ። በጉልበቷ ተነሥታ፣ ተንጠራርታ ገፋችውና በደረቷ ድንጋዩ ላይ ወደቀች። ፊቷ ዱቄት ሆነ። ቀና ብላ ይበቃል ወይስ ልድገመው ብላ ጠየቀችኝ።

የዚያን ጊዜ ወጥቼ ጓሮ ቆምሁ። ልጆቹ ደጅ ላይ ፊደሉን ይጮኻሉ።

እንዲያም ሆኖ ሽማግሌዎቹ ከመጡ እስከ አሥራ አንደኛው ቀን ድረስ አፌን አልከፈትሁም። አሥራ አንደኛው ቀን እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ሰው ሁሉ ተቀምጧል፤ ጭቃ ሹሙም አማቾቼን ልይ ብሎ ከስማዳ ድረስ መጥቷል። የሺን ጥሯት፣ ምራቴን ልመርቃት አለ። ስትመጣ አየኋት፤ መዳፏ ውኃ ቋጥሮ በጨርቅ ጠቅልላዋለች። እጇን ይዞ እዩት፣ የባለሙያ እጅ አለ። ያን ጊዜ ተነሣሁ።

«በእኔ ቤት የምፈጨው እኔ ነኝ። የሺ መጁን አታነሣም። ዋሽቻችኋለሁ፤ ልጄን አልሰጥም» አልሁ።

ጭቃ ሹሙ የሺን እጅ ለቀቀና ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ።

«እንግዲያማ ሙሽራይቱ እርስዎ ነዎታ!» አለኝ።

ሰው ሳቀ። የደብራችን አለቃ እንኳ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ቃሌን አጥፌያለሁና ጭቃ ሹሙ ከዚያ ወዲህ አያነጋግረኝም፤ ገበያ ስወርድ ጎረምሶቹ እልል የሚሉበት ቀን አለ። ይሁን። የሳቁስ ሳቁ፤ ያዋረደችኝ ያልሳቀችው ሙሉ ናት። ስንመለስ መንገድ ላይ ጠብቃኝ፣ መስቀሌን ተሳልማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረችኝ።

«አባ፣ እኔስ ዱቄቱን ጢምዎ ላይ ካየሁ ቆየሁ። እስከ የት እንደሚያደርሱት ነበር የምጠብቀው።»

ውሸቴን የደበቅሁት ከሴቶቹ መስሎኝ ነበር። እነሱ ዐውቀው ሸፍነውልኝ፣ ልጄም ዐውቃ ሸፍናልኝ፣ የተሸፈነብኝ እኔው ብቻ ነበርሁ።

ዛሬ የምፈጨው በሩን ከፍቼ ነው። የሺ ሊጥ ታቦካለች፣ ያንን ትችላለች፤ ሲያሻት ደግሞ ከታናናሾቿ ጋር ትሯሯጣለች። ወደ ጓዳ ግን አትገባም። እኔም አላስገድዳትም። ሳልፍ ስታየኝ አንዳንዴ ዓይኗን ትሰብራለች፤ ይቅር በይኝ ብያታለሁ፣ እሺ ብላኛለች፣ ግን የልጅ እሺታ ምን ያህል እንደሚቆይ አላውቅም። ጠጉሯ አድጎላታል። እንደማልላጨው ቃል ገብቼላታለሁ፤ ሙሉ ትሠራታለች።

አስካልዬ፣ አንቺን መዘከር ለእኔ አይከብድም። በቅዳሴ የሙታን ስም ሲነሣ ስምሽን የማነሣው እኔው ነኝ። ለአንቺ ቃል የምገባው ሌላ ነው። አንቺን ወደ እናቴ ቤት ያመጡሽ ጊዜ የሺን ታክይ ነበር። እናቴ ወፍጮ ሥር አስቀመጠችሽ። እጅሽ ከጫፉ ይድረስ አይድረስ፣ ተንጠራርተሽ ትውደቂ አትውደቂ አላውቅም። አምስት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ ዳዊት እደግም ነበር፤ ቀና ብዬ አላየሁሽም። የሺ ድንጋዩ ላይ የወደቀች ዕለት ነው ያየሁሽ። ይኸን፣ እስክከተልሽ ድረስ፣ አልረሳውም።