በር ላይ የቆመው ተጫዋች

ሰኞ፣ ሜይ 8፣ 1882

ዛሬም በር ላይ። የትሮይ ከተማ ቤዝቦል ቡድን ተጫዋች ብሎ ቀጠረኝ፤ እስካሁን የያዝኩት ግን ትኬት ብቻ ነው። ያልተሰለፈ በር ይጠብቃል፤ ደንቡ ነው። ሙልቪ፣ ከመቺው ጀርባ ቆሞ የሚቀልበው፣ ሲገባ፦ "ፕሮፌሰር፣ ትኬቱን በላቲን እንዳትቆርጠው።" ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

አባባ ግን አይስቅም። "እስከ ጁላይ ካልተሰለፍክ ወደ ጥብቅና ቢሮዬ ትመጣለህ" ብሎኛል። እሺ ብያለሁ... ዲግሪዬን ይዤ ትኬት ቆራጭ ሆንኩ ብዬ ልጻፍለት?

ሐሙስ፣ ሜይ 25

የሙልቪን እጅ አየሁ። ጣቶቹ የዛፍ ሥር መስለዋል። በባዶ እጁ ነው የሚቀልበው፤ ሁሉም እንዲያ ነው። ጓንት የፈሪ ነው ይላሉ።

እኔ የአባባን አሮጌ የፈረስ መንጃ ጓንት ጣቶቹን ቆርጬ፣ መዳፉ ላይ ቆዳ ደርቤ ሰፋሁ። ቀለሙ ልክ የእጄን ይመስላል። ከሩቅ ማን ያውቃል?

ማክሰኞ፣ ጁን 13

ተሰለፍኩ።

ጨዋታው መሀል ላይ የሙልቪ ቀኝ አውራ ጣት ተሰነጠቀ። ካፒቴን ዶላን በሩ ድረስ መጣ። "ፕሮፌሰር፣ ኮትህን አውልቅ።" ኪሴ የትኬት ቁራጭ እንደሞላ፣ ጓንቴን አጥልቄ ገባሁ።

ያጋለጠኝ ድምፁ ነው። ባዶ እጅ ጯ ይላል፤ የኔ ድም አለ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። "ሙሽሪት፣ ቀለበቱን በየት በኩል እናጥልቅልሽ?" ዶላን እየሮጠ መጣ። "አውልቀው፤ አታዋርደን።"

ላወልቀው ነበር... ሙልቪ እጁን ባልዲ ውስጥ ነክሮ አየሁት። ውሃው ቀልቷል።

"አላወልቅም። ከፈለግህ እኔን አስወጣኝ።"

"ሌላ ማን አለኝና ነው?" ምራቁን ተፍቶ ሄደ።

አንድ ኳስ አላመለጠኝም። አሸነፍን። መጨረሻ ላይም "ሙሽሪት" ነው የሚሉት፤ ግን "ጎሽ ሙሽሪት"።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 1

ለአባባ ጻፍኩለት፦ ተሰልፌአለሁ፤ አልመጣም።

ዛሬ በር ላይ የቆመው ሙልቪ ነው፤ አውራ ጣቱ ተጠቅልሏል። "ትኬት" አለኝ፣ ደህናውን እጁን ዘርግቶ።

"ተጫዋች ነኝ እኮ።"

"እሱን ተወው። ያን ነገር አምጣው እስቲ።"

ጓንቱን ሰጠሁት። ግራ እጁ ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆመ። ግራ ቀኝ ቃኘ፤ ሰው የለም።

"ለእኔ ስትሠራ ሰፋ አርገው" አለ ቀስ ብሎ። "እጄ ያብጣል።"

ነገ እሑድ፤ ጨዋታ የለም። በሰንበት መስፋቴን እማማ እንዳትሰማ... መርፌው የት ገባ?