የግራው ስክሪን

ወንድም ጋሼ፣

ከሦስቱ ስክሪኖችህ የግራውን ጠዋት ነቅዬ አባባ ክፍል ወስጄው ነበር። ታናሿ እህታችን ከውጭ ስትደውል ፊቷን በትልቁ እንዲያዩ ብዬ ነው፤ ከታመሙ ወዲህ የስልኩ አይታያቸውም።

መልሼ ስሰካው የሕንፃው ፕላኖችህ በሙሉ መሃለኛው ስክሪን ላይ ተደራርበው አገኘኋቸው። ላስተካክል ብዬ ነካካሁና ባሰ። አሁን ማውሱን ወደ ግራ ሲገፉት በቀኝ በኩል ብቅ ይላል። የዘጋሁት ነገር የለም። ዛሬ እንደምታስረክብ አውቃለሁ፣ ግን ከዚህ በላይ አልቻልኩበትም። ሥራም ረፍዶብኛል።

የአባባ መድኃኒት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አንተ ስጣቸው።

እህታችን ተሰናብታ ስትዘጋ አባባ፣ "ወንድምሽንስ በዚህ ማየት ይቻላል?" አሉኝ።

የሚለያችሁ እኮ አንድ ግድግዳ ነው።

እኔም የስክሪኑን ገመድ ነቀልኩ።