የፈረሶቹ መድኃኒት ሣጥን

ጥቅምት 4
ቅዳሜ። እንደ ልማዴ የፈረሶቹን መድኃኒት ሣጥን ፈተሽኩ። አዮዲኑ አልቋል ማለት ይቻላል። ፋሻ አንድ። ጥጡን አይጥ ገብቶበታል... ጣልኩት። ለጋሼ ነገርኩት፤ ስነግረው ሦስተኛዬ ነው። ቀና እንኳ አላለም።

«ፈረስ ልሶ ይድናል» አለ።

ጋጣውን አባታችን የተወው ለሁለታችን ነበር። አዛዡ ግን ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ብቻ። እኔ? የሣጥን ዘበኛ።

ጥቅምት 11
ሣጥኑን አልከፈትኩም። የሳምንቱ መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ «ተሟልቷል» ብዬ ፈረምኩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ... እኔም ዋጥኩት።

ጥቅምት 18
ዛሬም ሳልከፍት ፈረምኩ።

ጥቅምት 22
አሮጊቷን ባዝራችንን ዳማን ቆርቆሮ ተለተላት። የኋላ እግሯን፣ ከመገጣጠሚያው ላይ። ሁለታችንም ግልቢያ የተማርነው በሷ ጀርባ ነው። ጋሼ እየሮጠ መጣ።

«ሣጥኑን!»

ራሱ ከፈተው። ደረቅ ጠርሙስ። ያቺው አንድ ፋሻ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ቅዳሜ ፈርመሻል እኮ።»

በባልዲ ውሃ አጠብኳት። ፋሻው አልበቃ ሲል ሻርፔን ደረብኩበት። እሷ ግን ዝም ብላ ቆመችልኝ። የእንስሳት ሐኪሙ ሌላ ከተማ ነው፤ ነገ እመጣለሁ ብሏል።

ጥቅምት 29
እብጠቱ ባሰ። መግል። ሐኪሙ ዛሬም መጥቶ ነበር።

«ያኔውኑ በመድኃኒት ታጥቦ በደንብ ታሽጎ ቢሆን ኖሮ...» አልጨረሰውም። «ሣጥን የላችሁም እንዴ? ማነው የሚይዘው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ።

ለምን? ሰው ፊት ቢያዋርደኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 2
ሐኪሙ አትድንም አለ፤ ዛሬ ጠዋት በመርፌ ገደልናት። አንገቷን ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ከቢሮው አልወጣም።

ኅዳር 9
አዲስ ሣጥን ተገዛ። ቁልፉ የፈረሶቹን ኮቴ የሚሠራው ሠራተኛችን ጋ ነው። ነጩ ፈረስ ከንፈሩ ተቧጭሮ ነበርና ሠራተኛውን ቁልፉን ጠየቅኩት። መሬት መሬት እያየ፣

«እታለም፣ ላንቺ እንዳልሰጥ ታዝዣለሁ... አትቀየሚኝ» አለ።

ምሳ ላይ አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ የገደልናት ሁለታችንም ነን እኮ።»

«አዎ» አለ።

ሳህኑን አንስቶ ቢሮው ገባ። በሩን ዘጋ። ብቻዬን በላሁ።