በምስማር የተመታው በርጩማ

ወረታ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአምሳል መንግሥቴ
ሐዋሳ

የምወድሽ ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ዘንድሮ ክረምቱ በርትቶ የርብ ወንዝ ሜዳውን አጥለቅልቆት ነበር። አሁን ውሃው ሸሽቷል፤ ሩዙም ዘለላው ከብዶት ማዘንበል ጀምሯል። እናትሽ ጤነኛ ናት። «ጻፍላት» ስትለኝ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። እኔ ደግሞ የምጽፈው ነገር ሳይኖረኝ ብዕር አላነሳም። አሁን አለኝ።

አብሮሽ የተማረው ሰውመሆን መነኸሪያው አጠገብ የፎቶ ማሽን ሊተክል ማሰቡን ታውቂያለሽ። ሰው ብቻውን ገብቶ፣ ቁልፍ ተጭኖ፣ ጉርድ ፎቶውን ይዞ የሚወጣባት ትንሽ ቤት ናት። ፎቶ ቤቴን ከዘጋሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛልና እኔ እንድሠራለት ለመነኝ። ቤቷ እንዴት እንደምትሠራ የሚያሳይ የተጠቀለለ ሥዕልም ሰጠኝ። «ሐዋሳ ያለች ባለሙያ የሠራችው ነው» አለኝ እንጂ ስምሽን አልጠራም። ሳልፈታው ቆጥ ላይ ጣልኩት። ፎቶ ቤቴን ማንም ሳያስተምረኝ ነው የሠራሁት። ካሜራውንም የተማርኩት ፈትቼ እየገጠምኩ ነው። በእጄ ያልለካሁትን አላምንም።

ስለዚህ እንደማውቀው ሠራሁ። ውሃ እንዳይደርስባት ወለሏን ክንድ ያህል ከፍ አድርጌ ሦስት ደረጃ ሰጠኋት። ካሜራውን በአንድ ከፍታ አሰርኩት። በርጩማውንም እንደ ፎቶ ቤቴ ከወለሉ ጋር በአራት ምስማር መታሁት። የፎቶ ቤቴን በርጩማ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰው እየገፋ ሥራዬን እንዳያበላሽብኝ ብዬ የመታሁት ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ከቦታው አልተነቃነቀም።

ሥራው ሲያልቅ ሰውመሆን አንዲት መምህርት ይዞ መጣ። ንግሥቲ ትባላለች። ከደሴ ተዛውራ የመጣች፣ እንዳንቺ በዊልቸር የምትሄድ ናት። ደረጃው ሥር ደርሳ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሽ መንግሥቴ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ያምራል» አለች። «ለማን ነው?»

«ለሁሉም ሰው ነዋ።»

«እኔስ?»

«ምን ችግር አለው፤ ሁለት ጎረምሳ ጠርተን በርጩማው ላይ እናስቀምጥሻለን።»

ከቦርሳዋ መታወቂያዋን አውጥታ ሰጠችኝ። ፎቶው ላይ፣ ከትከሻዋ በኩል፣ የሰው ጣቶች ይታያሉ። «የማን እጅ እንደሆነ እኔም አላውቅም» አለች። «ያኔ ደግፎኝ የነበረ ሰው ነው። ስምንት ዓመት አብሮኝ ይኖራል፤ እስካሁን ሽማግሌ አልላከም።»

ሰውመሆን ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እነዚያን ጣቶች አውቃቸዋለሁ። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ፎቶ ስትነሺ ወንድምሽ ይርዳው ከወንበርሽ አንስቶ በርጩማው ላይ አስቀምጦሽ፣ እንዳትወድቂ ከኋላሽ ትከሻሽን ይዞሽ ነበር። ጣቶቹን ከፎቶው ላይ በብሩሽ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን ቀደም ብለሽ «አባባ፣ በርጩማውን ቢነቅሉት እኮ በራሴ ወንበር እነሳለሁ» ብለሽኝ ነበር። «የበርጩማው ቦታ አይነካም» አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ካሜራዬ ፊት አልመጣሽም። በዚያው ዓመትም ከወረታ ሄድሽ።

ቤት ገብቼ ሥዕሉን ከቆጥ አውርጄ ፈታሁት፤ ልኬቶቹ ላይ ያሉት ሰባቶች ሁሉ ወገባቸው ላይ ተጭረዋል። ሰባት ቁጥርን ወገቧ ላይ ጭረት አድርጎ መጻፍ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ከታች ያለውን ስም ሳላነብ የማን እጅ እንደሆነ አወቅሁ።

ስህተት ልፈልግበት ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። እውነቱን ልጻፍልሽ፤ አላገኘሁም። ውሃውን አልረሳሽውም። ወለሉ እንደኔው ከፍ ያለ ነው፤ ግን በደረጃ ፋንታ ተዳፋት ሰጥተሽዋል፣ ለአንድ ስንዝር ከፍታ አሥራ ሁለት ስንዝር ርዝመት። «ይኼ ሁሉ መንገድ ለአንዲት ሳጥን?» ብዬ ተቆጣሁ። ቢሆንም ሠራሁትና በእጅ ጋሪ አንድ ኩንታል ሩዝ ጭኜ ገፋሁ። በሰባ አንድ ዓመቴ ሳላቃስት ወጣሁ። መሃል ላይ ለማረፊያ ብለሽ ያስተካከልሽው ቦታ ላይ ጋሪውን ለቀቅሁት፤ ንቅንቅ አላለም።

ካሜራው በሐዲድ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቁልፉ የተቀመጠ ሰው እጁን ሳያንጠራራ የሚደርስበት ላይ ነው፣ በግራም በቀኝም። ሁለት ቁልፍ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም ነበር፤ አንድ እጁ ብቻ ለሚታዘዝለት ሰው መሆኑን ንግሥቲ ናት ያስረዳችኝ። መጋረጃውም መንኮራኩር ውስጥ እንዳይገባ አጥሯል። ከሁሉም ያስገረመኝ ግን መሃሉ ነው። ካሜራው ፊት ምንም አላስቀመጥሽም። መቀመጫው በማጠፊያ ግድግዳው ላይ ተይዟል፤ በእግሩ የመጣ ይዘረጋዋል፣ ወንበሩን ይዞ የመጣ በራሱ ወንበር ይገባል። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ቤት የሠራሁት ምን እንደማስቀምጥበት እያሰብኩ ነው። ባዶ ቦታ ለክቶ የሚተው ባለሙያ እስከዛሬ አላየሁም ነበር።

የቀድሞውን ሥራዬን አፍርሼ እንደ ሥዕልሽ የሠራሁት በገዛ እጄ ነው። እናትሽ «መንግሥቴ የሠራውን ሲያፈርስ አየሁ፤ ካሁን በኋላ ብሞትም አይቆጨኝ» እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

ባለፈው ገበያ ንግሥቲ ማንም ሳይገፋት ወጣች፣ ውስጥ ገብታ ዞረች፣ መጋረጃውን ሳበች። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ይጠብቅ ነበር። ስትወጣ ፎቶውን አሳየችኝ። ትከሻዋ ላይ ማንም የለም። «ጋሽ መንግሥቴ፣ ባሌን አጠፉብኝ» አለች። የዚያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ። ሰዎቹ ሲያመሰግኑኝ «ሥዕሉ የልጄ ነው» አልኳቸው። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው ያልኩት።

የፎቶ ቤቴን በርጩማ ነቅዬዋለሁ። ምስማሮቹ ዝገው ስለነበር ግማሽ ቀን ፈጁብኝ። አሁን እናትሽ ግቢ ውስጥ ትቀመጥበታለች። የቤታችንንም በር አስፍቼ ደፉን አንስቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። የፎቶ ማሽኗንም የቤታችንንም በር የሞከርኩት በንግሥቲ ወንበር ነው፤ ወንበር ሁሉ አንድ ልክ አይደለም ይላሉ። ያንቺን ስፋት በቁጥር ጽፈሽ ብትልኪልኝ አልቀበልም። በእጄ ያልለካሁትን እንደማላምን ታውቂያለሽ። ስለዚህ ይዘሽው መምጣት አለብሽ። እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ነይ፤ ይርዳው ከዚያ ይቀበልሻል።

ያንን ሥዕል የሠራው እጅሽ አይዛል። የጣራ ገዳም አባቶች ጸሎት መንገድሽን ይጠብቅልሽ። ቀኑን አስቀድመሽ አሳውቂን፤ ሜትሬን ይዤ በር ላይ እቆማለሁ።

አባትሽ
መንግሥቴ አምባው